በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የራስን የቴራፒ ቢሮ ከፍቶ ማዝለቅ፦ በአማርኛ ለሚያክሙ ባለሙያዎች ዝርዝር መመሪያ

ይህን የምጽፈው በዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ በክሊኒክ ወይም በኤጀንሲ ተቀጥራችሁ ስታክሙ ቆይታችሁ "አሁንስ የራሴን ልክፈት" ለምትሉ ባለሙያዎች ነው። ፍላጎቱ ከበቂ በላይ አለ። ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) መሥሪያ ቤቶቿ አማርኛ ተናጋሪውን በቋንቋው እንዲያስተናግዱ አስገድዳለች። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በስካይላይን ሕዝባችን ብዙ ነው፤ በአማርኛ የሚያክመው ባለሙያ ግን ጥቂት። ስለዚህ ታካሚ ማግኘቱ ብዙም አያስጨንቅ። የሚከብደው ከጥቂት ዓመታት በኋላም ቢሮው ክፍት፣ ባለቤቱም ጤነኛ ሆኖ መገኘቱ ነው። እኔ የማያቸው ባልደረቦች የሚደክሙት በሌሊት ስልክ፣ በነጻ በሚሰጥ ሰዓትና እምቢ ማለት ባለመቻል ነው። ይሉኝታ ቢሮ ይዘጋል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በአብዛኛው የሚያስተምሩት አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰንን ነው፤ ሰው ፊታችሁ ተቀምጦ ሲለምናችሁ መወሰን አይቻልምና።

1. ላይሰንሱ የሚታየው ታካሚው ባለበት ቦታ ነው

ሦስት ላይሰንስ ሰጪዎች ጎን ለጎን ተቀምጠውብናል። ሜሪላንድ ውስጥ ለብቻው ማከም የሚችለው የሶሻል ወርክ ባለሙያ ኤልሲኤስደብሊው-ሲ፣ ካውንስለሩ ደግሞ ኤልሲፒሲ ይባላል። በቨርጂኒያ ኤልሲኤስደብሊው እና ኤልፒሲ፣ በዲሲ ኤልአይሲኤስደብሊው እና ኤልፒሲ ናቸው። ገና በሌላ ባለሙያ ክትትል (ሱፐርቪዥን) ሥር ከሆናችሁ የራስ ቢሮ ጊዜው አልደረሰም፤ ሰዓቱን ጨርሱ።

በቪዲዮ ስታክሙ ሕጉ የሚጠይቀው ታካሚው በዚያች ሰዓት የት እንዳለ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የኡበር ሾፌር መንገደኛ አድርሶ፣ ሬገን ኤርፖርት አጠገብ መኪናውን አቁሞ ቢደውልላችሁ ያለው ቨርጂኒያ ነው። የሜሪላንድ ላይሰንስ ብቻ ከያዛችሁ ያንን ቀጠሮ ማካሄድ አትችሉም። ስለዚህ እያንዳንዱን የቪዲዮ ቀጠሮ "አሁን የት ሆነው ነው የሚያናግሩኝ?" ብላችሁ ጀምሩ፤ መልሱንም ኖቱ (የቀጠሮው መዝገብ) ላይ አስፍሩ። ይህ ጥያቄ ለሌላም ይጠቅማል፤ ታካሚው አደጋ ላይ ቢሆን አምቡላንስ የምትልኩበት አድራሻ በእጃችሁ ይሆናል።

ምክሬ የቢሮ ኪራይ ከመፈረማችሁ በፊት ለሁለተኛ ላይሰንስ አመልክቱ ነው። ሕዝባችን አንዱ ጋ ይኖራል፣ ሌላው ጋ ይሠራል፣ ሦስተኛው ጋ ያስቀድሳል። ሳይኮሎጂስቶች በሳይፓክት ስምምነት በኩል በቪዲዮ ድንበር ማቋረጥ ይችላሉ፤ ሦስቱም በስምምነቱ ውስጥ አሉ።

2. ወረቀቱን በአጭሩ መጨረስ

ኢአይኤን (የድርጅቱ የታክስ መለያ ቁጥር) ከፌዴራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ ድረ ገጽ በነጻ ይወጣል፤ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ገጽ ላይ ከሆናችሁ ዝጉትና ውጡ። ኤንፒአይ የጤና ባለሙያ የሚለይበት ባለ 10 አኃዝ ቁጥር ነው፤ እሱም ነጻ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ለኤንፒአይ የምታስገቡት የሥራ አድራሻና ስልክ ለማንኛውም ሰው በኢንተርኔት ይታያል። የቤታችሁን አድራሻ ካስገባችሁ ታካሚም፣ የታካሚ ባልም በራችሁን ሊያንኳኳ ይችላል። የቢሮ አድራሻ እስክታገኙ ጠብቁ።

ኤልኤልሲ ወይም ፒኤልኤልሲ (የግል ንብረታችሁን ከድርጅቱ ዕዳ የሚለይ ኩባንያ) ማቋቋም ጥሩ ነው፤ የትኛው እንደሚስማማችሁ የታክስ ባለሙያ ይንገራችሁ። ነገር ግን ከሙያ ስሕተት ክስ አያድንም። ለዚያ የማልፕራክቲስ ኢንሹራንስ ግዙ፤ የተለመደው ልክ ለአንድ ክስ 1 ሚሊዮን፣ በዓመት በድምሩ 3 ሚሊዮን ዶላር ነው። የባንክ ሒሳቡን ከመጀመሪያው ቀን ከግል ሒሳባችሁ ለዩት።

3. ዋጋችሁን ከኑሯችሁ ተነሥታችሁ አስሉ

ብዙ ሰው ዋጋ የሚያወጣው ጎረቤት ቢሮ ምን ያስከፍላል ብሎ ነው። መነሻው የራስ ወጪ መሆን አለበት። ምሳሌ ላስቀምጥ። በሳምንት 20 ቀጠሮ ያዛችሁ እንበል፤ ሕመሙ፣ የፈረቃ ለውጡ፣ መርሳቱ ተቀንሶ 17ቱ ይመጣሉ። በዓመት 46 ሳምንት ብትሠሩ 782 ቀጠሮ ይሆናል። ኢንሹራንስና ከኪስ የሚከፍለው ተቀላቅሎ በአማካይ 100 ዶላር ቢገባ 78,200 ዶላር ነው። ለኪራይ፣ ለሶፍትዌር፣ ለኢንሹራንስ፣ ለሥልጠናና ለሒሳብ ባለሙያ 14,200 ቢወጣ 64,000 ይቀራል። ከዚህ ላይ የግል ሠራተኛ ታክሱ (15.3 በመቶው) ወደ 9,000 ዶላር ይወስዳል። የፌዴራልና የስቴት የገቢ ታክስ፣ የራሳችሁ የጤና ኢንሹራንስና የጡረታ ቁጠባ ገና አልተነኩም። "በሰዓት 100 ዶላር" የሚለው ቁጥር ከሩቅ እንደሚያምረው አይደለም።

ስለዚህ ከሚገባው ከእያንዳንዱ ክፍያ ከ25 እስከ 30 በመቶውን ወዲያውኑ ወደ ሌላ ሒሳብ አዛውሩ፤ የታክሱ ገንዘብ የእናንተ አይደለም። ለአይአርኤስ በአፕሪል 15፣ በጁን 15፣ በሴፕቴምበር 15ና በጃንዋሪ 15 በየሩብ ዓመቱ ይከፈላል።

በዚህ አካባቢ ከኪስ ለሚከፍል ሰው ከ150 እስከ 250 ዶላር መጠየቅ የተለመደ ነው። "እኛ ሐበሾች ይህን አንከፍልም" የሚል ድምፅ ውስጣችሁ ይነሣ ይሆናል። ለሠርግ አዳራሽ፣ ለተዝካርና ለአገር ቤት ቲኬት የሚከፍል ሕዝብ ጥቅሙ ከገባው ለልቡም ይከፍላል። በእውነት የማይችል ግን አለና ለእሱ ቦታ አዘጋጁ፦ ለምሳሌ በሳምንት 3 ቀጠሮ በቅናሽ፣ ማን እንደሚገባበት በገቢ መጠን የተጻፈ። ሦስቱ ሲሞሉ ወረፋ አለ ይባላል። ቅናሽ በደንብ ሲሰጥ ማንም ማንንም አይለምንም፤ በልመና ሲሰጥ ግን የሚጎዳው ለመጠየቅ ያፈረው ሰው ነው።

4. ኢንሹራንስ ተቀበሉ፣ ግን መርጣችሁ

ከኪስ ክፍያ ብቻ የሚለው መንገድ ለሐበሻ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ በሆቴል፣ በሆስፒታል፣ በፓርኪንግና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራው ሰው ኢንሹራንስ አለው። ሁሉንም አትፈርሙ። የሕዝባችሁን ካርድ ጠይቁና በብዛት የሚታዩትን ሁለት ወይም ሦስት ምረጡ፤ ኬርፈርስት በዚህ አካባቢ ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው መንግሥት የሚሰጠውን ኢንሹራንስ) ከተቀበላችሁ ላልመጣ ታካሚ የቅጣት ክፍያ መጠየቅ እንደማይፈቀድ አስቀድማችሁ አስቡ፤ ስለዚህ የሜዲኬይድ ቀጠሮዎችን ቁጥር መወሰን ጭካኔ ሳይሆን ቢሮውን ማቆየት ነው።

ከሁሉ በፊት የሲኤኪውኤች (ኢንሹራንሶች የባለሙያውን መረጃ የሚያዩበት የጋራ መዝገብ) ገጻችሁን ሙሉ፤ በየ120 ቀኑ መረጃው ትክክል ነው ብላችሁ ማረጋገጥ አለባችሁ፤ ከረሳችሁት ኮንትራታችሁ ሊንጠለጠል ይችላል። ክሬደንሺያሊንግ (ኢንሹራንሱ መርምሮ የሚቀበላችሁ ሂደት) ወራት ይወስዳልና ከሥራችሁ ከመልቀቃችሁ በፊት ጀምሩት። ተቀጥራችሁ እየሠራችሁ ማታና ቅዳሜ መጀመር ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ነው፤ ብቻ የአሠሪያችሁን ውል አንብቡ፣ ታካሚ ይዞ መውጣትን የሚከለክል አንቀጽ ሊኖረው ይችላል።

ለኢንሹራንሱ የምትልኩት የክፍያ ጥያቄ (ክሌም) ላይ የሚጻፈው ኮድ በደቂቃ ነው የሚለየው፦ 90791 ለመጀመሪያው ምርመራ፣ 90834 ከ38 እስከ 52 ደቂቃ፣ 90837 ለ53 ደቂቃና ከዚያ በላይ። የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት ኖቱ ላይ ጻፉ፤ ኢንሹራንሱ ከዓመት በኋላ ቢመረምር የሚጠይቀው እሱን ነው። ኮፔይ (ታካሚው በየቀጠሮው ከኪሱ የሚከፍለው ድርሻ) ደግሞ "ተይው እህቴ" ተብሎ አይተውም። በልማድ ኮፔይ መተው ከኢንሹራንሱ ጋር የፈረማችሁትን ውል ማፍረስ ነው።

ጃንዋሪ ላይ ዲዳክቲብል (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው የሚከፍለው) እንደ አዲስ ስለሚጀምር አንዳንዱ ታካሚ ድንገት ሙሉ ክፍያ ይደርስበታል። በዲሴምበር ወሩ ሙሉ አስጠንቅቁ፤ ያለበለዚያ ጃንዋሪ ላይ ደንግጦ ይቀራል።

5. ምስጢር፦ ቢሮው የሚቆመው እዚህ ላይ ነው

የእኛ ታካሚ ስልክ ከማንሣቱ በፊት ለወራት የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ "ሰው ቢያውቅስ?" ከሐበሻ ሸሽቶ ፈረንጅ ቴራፒስት የሚፈልግ አለ፤ ግን እዚያ ሄዶ እናቱን እንዴት እንደቀበረ በእንግሊዝኛ መናገር ያቅተዋል። ወደ እናንተ ከመጣ ትልቅ ነገር ደፍሯል። ይህን አደራ በሚከተሉት ነገሮች ጠብቁ።

ቢሮው። በሐበሻ ሬስቶራንቶች መደዳ አትከራዩ። ፎቅ ላይ ጥርስ ሐኪምም፣ ሒሳብ ሠሪም ያለበት ተራ ሕንፃ ምረጡ፤ ሰው "የት ትሄዳለህ?" ሲባል መልስ ይኑረው። በሩ ላይ ስማችሁ ብቻ በቂ ነው። በሁለት ሐበሻ ታካሚዎች መካከል ቢያንስ 20 ደቂቃ ክፍተት ተዉ። መጠበቂያው ውስጥ አንዷ ከሌላኛዋ ክርስትና እናት ጋር ብትገጣጠም ሁለቱንም ልታጡ ትችላላችሁ።

መልእክት። በዋትስአፕ፣ በቫይበርና በቴሌግራም የሕክምና ነገር አይላክም፤ ነጻውም ጂሜይል እንዲሁ። ሂፓ (የጤና መረጃን ምስጢር የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ) እነዚህን መገልገያዎች የሚያቀርበው ድርጅት ከእናንተ ጋር የምስጢር ጥበቃ ውል እንዲፈርም ይጠይቃል፤ እነሱ አይፈርሙም። በኮቪድ ጊዜ የነበረው ቸልታ በ2023 አብቅቷል። ታካሚው በቫይበር የድምፅ መልእክት ቢልክ "ደርሶኛል፣ በፖርታሉ (ምስጢሩ በተጠበቀው የቢሮው ገጽ) እንነጋገር" ብቻ በሉና ወደ ትክክለኛው ቦታ መልሱት።

የኢንሹራንስ ደብዳቤ። ይህን ብዙ ባለሙያ ይዘነጋዋል። በባሏ ኢንሹራንስ የምትታከም ሴት ስትመጣ ኢንሹራንሱ የተከፈለውን የሚያብራራ ደብዳቤ ለዋናው ባለ ፖሊሲ፣ ማለትም ለባሏ ሊልክ ይችላል። የመጣችው ስለ ድብደባ ከሆነ ያ ፖስታ አደጋ ነው። በሂፓ መሠረት ታካሚዋ ኢንሹራንሱን "ደብዳቤዬን በሌላ አድራሻ ላኩልኝ፣ በቤት ቢመጣ አደጋ ላይ ይጥለኛል" ብላ ልትጠይቅ ትችላለች፤ ኢንሹራንሱም መቀበል አለበት። የመጀመሪያውን ክሌም ከመላካችሁ በፊት አብራችሁ ጠይቁ።

ቤተሰብ። እናት ትደውላለች፦ "እንደምን ዋልሽ ልጄ፣ ልጄ አንቺ ጋ ይመጣል አሉ፣ ምን ሆኖ ነው?" ልጁ 24 ዓመቱ ነው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በአክብሮት ግን ሳይላላ፦ "እማዬ፣ ማን እንደሚመጣና እንደማይመጣ ለማንም አልናገርም። እርስዎም አንድ ቀን ቢመጡ ለልጅዎ አልናገርም።" እሷም "ኧረ የምከፍልለት እኔ ነኝ!" ትል ይሆናል። ክፍያ ምስጢር አይገዛም። ልጁ ራሱ በጽሑፍ ከፈቀደ፣ የፈቀደውን ያህል ብቻ ትናገራላችሁ። "አይ፣ አይመጣም" ማለትም አይቻልም፤ ዛሬ አይመጣም ካላችሁ ነገ ዝም ስትሉ መልስ ሰጣችሁ ማለት ነው።

ውጭ መገናኘት። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በጁላይ የስፖርት ፌስቲቫል፣ በልቅሶ ቤት መገናኘታችሁ አይቀርም። በባህላችን ዓይቶ ሰላም አለማለት ንቀት ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ቀጠሮ እንዲህ ንገሩ፦ "ውጭ ብንገናኝ እኔ ቀድሜ ሰላም አልልም፤ ስለ ናቅሁ ሳይሆን አብሮዎት ያለ ሰው 'የት ታውቂያታለሽ?' እንዳይል ነው። እርስዎ ሰላም ካሉኝ በደስታ እመልሳለሁ።" ታካሚዎች ይህን ሲሰሙ ትከሻቸው ሲወርድ ይታያል።

ልቅሶስ? የታካሚያችሁ አባት ቢሞት አትሂዱ የሚል ነው የእኔ አቋም። ደውሉ፣ በዚያው ሳምንት ሰዓት ስጡ፣ ሐዘኑን ቢሮ ውስጥ አብራችሁ ተቀመጡበት። የዕድራችሁ፣ የዕቁባችሁ ወይም የማኅበራችሁ አባል የሆነን ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው አትቀበሉ፤ ለሌላ ባልደረባ አሳልፉት።

6. "ከየት ነሽ?"

ከኖቬምበር 2020 ወዲህ ይህ ጥያቄ ከብዷል። ታካሚው የሚጠይቀው ብሔራችሁን ቢመስልም ፍርሃቱ "ወንድሜን የገደለውን ትደግፊ ይሆን?" የሚል ሊሆን ይችላል። አትቆጡ፣ አታምልጡም። "ይህን መጠየቅዎ ተገቢ ነው፤ እኔ ጋ ምን እንዳይደርስብዎት ይሰጋሉ?" ብላችሁ ፍርሃቱን አስወጡት። ከዚያ ሌላ ሰው ቢመርጥ መብቱ ነው። ትግርኛና አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ባለሙያዎች ስልክ የያዘ ዝርዝር በመሳቢያችሁ ይኑር፤ የምትልኩትም በቅን ልብ ይሁን። በዚህ ሥራ ላይ እስካላችሁ በፌስቡክ የፖለቲካ ጽሑፍ አትለጥፉ፣ የሌላውንም አታጋሩ። ይህ መብትን መተው ነው፤ ቢሆንም ማንም ሰው ገጻችሁን ከፍቶ በራችሁ ላይ መመለስ የለበትም።

7. የቢሮውን ደንብ በሁለቱም ቋንቋ ጻፉ

የስምምነት ቅጹን በአማርኛም አዘጋጁ፤ ማንበብ ለማይችል አንብቡለት። ውስጡ የግድ የሚኖረው፦ ቀጠሮው 24 ሰዓት ቀድሞ ካልተሰረዘ ምን ያህል እንደሚከፈል፣ ስልክ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ፣ ምስጢር የሚወጣባቸው ሁኔታዎች (የልጅ መጎዳት፣ ራስን ወይም ሌላን የመግደል አደጋ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ)። የመጀመሪያው ቀሪ በነጻ ይታለፋል ብትሉ ጥሩ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ግን ደንቡ ይሥራ። የአበሻ ቀጠሮ እየተባለ የሚቀለድበትን ነገር የሚያስተካክለው ወቀሳ ሳይሆን ከአንድ ቀን በፊት የሚላክ ማስታወሻ ነው። የፈረቃ ሠራተኛ መርሐ ግብሩ በየሳምንቱ ይለዋወጣልና አንድ ቋሚ ሰዓት ከማስገደድ ሁለት አማራጭ ሰዓት ያዙለት።

ኢንሹራንስ ለሌለው ወይም ለማይጠቀም ታካሚ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የሚጠበቀውን ወጪ በጽሑፍ አስቀድሞ መስጠት በፌዴራል ሕግ ግዴታ ነው። ከተጻፈው በ400 ዶላርና ከዚያ በላይ ካለፈ ታካሚው መከራከር ይችላል። ይህ ወረቀት ለእናንተም ይጠቅማል፤ የገንዘቡን ነገር በአፍ ከመናገር ያሳርፋል።

8. ታካሚ የሚመጣው ከየት ነው

ማስታወቂያ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ሐበሻ የሚያክሙ የቤተሰብና የሕፃናት ሐኪሞችን፣ የኢሚግሬሽን ጠበቆችን፣ የትምህርት ቤት አማካሪዎችን፣ በ1983 የተመሠረተውንና አርሊንግተን ያለውን የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስል እየዞራችሁ ተዋወቁ። ለሐኪሙ አንድ ገጽ ስጡት፦ ማንን እንደምታክሙ፣ የትኛውን ኢንሹራንስ እንደምትቀበሉ፣ ባዶ ሰዓት መቼ እንዳለ። ታካሚ ለላከ ሰው ገንዘብም ስጦታም አይሰጥም፤ በሕግ ያስጠይቃል።

ካህናትንና ኢማሞችን አክብራችሁ ቅረቡ። ጸበል የሚጠመቅን ሰው "ጸበሉን ተው" ያለ ባለሙያ ሁለተኛ አያየውም። ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ ማስኬድ እንደሚቻል ከካህኑ አፍ ሲሰማ ግን መድኃኒቱን አያቋርጥም። አንድ እንዲህ ያለ ካህን ካወቃችሁ ግንኙነቱን ተንከባከቡት።

የጥገኝነት ጉዳይ የሥነ ልቦና ምዘና ሌላ የገቢ መንገድ ነው። ጥገኝነት ጠያቂ በመርሕ ደረጃ በገባ በአንድ ዓመት ውስጥ ማመልከት ስላለበት ጠበቆች በጥድፊያ ይፈልጋሉ። ከመግባታችሁ በፊት የማሠቃየት ድርጊትን ለመመዝገብ የተዘጋጀውን የተባበሩት መንግሥታት የኢስታንቡል ፕሮቶኮል ተማሩ፤ በ2022 ተሻሽሏል። የምታክሙትን ሰው ራሳችሁ አትመዝኑ፤ መዛኝ ያልተመቸውንም ይጽፋል፣ አካሚ ደግሞ ከታካሚው ጎን ነው።

9. ራሳችሁን በቀን መቁጠሪያው ላይ ጻፉ

የአገራችሁን ጦርነት፣ የሊቢያን እስር ቤትና የመካከለኛው ምሥራቅን የቤት ሠራተኝነት ታሪክ በእናት ቋንቋችሁ መስማት በእንግሊዝኛ ከመስማት ይልቅ ጠልቆ ይገባል። በቀን ከሁለት በላይ ከባድ የሥቃይ ታሪክ አትቀጥሩ። በሁለቱ መካከል ቀለል ያለ ቀጠሮ ወይም የኖት ሰዓት ይግባ። በወር አንድ ጊዜ ከባልደረቦች ጋር በጉዳዮች ላይ የምትመካከሩበት ሰዓት አይሰረዝ፤ ሦስት ሰዎች ይበቃሉ። ገናን ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀትን፣ ፋሲካን፣ ዒዶቹንና እንቁጣጣሽን በዓመቱ መጀመሪያ ዝጉ፤ ታካሚውም ያን ቀን አይመጣም።

ስልካችሁ ማታ ይጥፋ። በድምፅ መልእክቱ ላይ በአማርኛ፦ "አደጋ ላይ ከሆኑ 911፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎት 988 ይደውሉ" ይበል። 988 በጁላይ 2022 የተጀመረ ነው፤ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛል። ለታካሚው አስቀድማችሁ "አምሃሪክ" ብሎ እንዲጠይቅ አለማምዱት።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት ይቀራል። እናንተ ድንገት ብትታመሙ ወይም ብትሞቱ ታካሚዎቹን ማን ይደውልላቸዋል? ቤተሰባችሁ መዝገቡን መክፈት የለበትም። ላይሰንስ ያለው አንድ ባልደረባ ምረጡ፤ የመዝገቡ የይለፍ ቃል የት እንዳለ፣ የሳምንቱ ቀጠሮ እንዴት እንደሚገኝ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ምን እንደሚባል ጽፋችሁ ፈርሙ፤ የታሸገው ፖስታ የት እንደተቀመጠም ለባልደረባችሁ ንገሩት።